ኮርኒስ ላይ የሚበተን የሙቀት መከላከያ፦ የአዳማ ነፋስ ጥቅሙን እንዳይወስድበት እንዴት ይሠራል?

አዳማ ውስጥ ኮርኒስ ያለው ቤት ገብተው ቀና ቢሉ፣ ችፑዱ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ዙሪያ ጠቆር ያለ ቀጭን መስመር ማየትዎ አይቀርም። ብዙ ሰው የሸረሪት ድር ወይም ጭስ ይመስለውና ቀለም ይቀባበታል። በሁለተኛው በጋ ተመልሶ ይመጣል። መስመሩ አየር የሚያልፍበትን ስንጥቅ ነው የሚያሳየው፤ ነፋስ ከኮርኒሱ በላይ አቧራ ይዞ ወደ ክፍሉ ሲገባ አቧራው ስንጥቁ አፍ ላይ ይቀራል። ያ ስንጥቅ ሳይደፈን በላዩ ላይ የቱንም ያህል ሰጋቱራ ወይም ግላስዉል (የመስታወት ሱፍ) ቢደፋ፣ የወጣበትን ገንዘብ ያህል አይሠራም።

ይህ መመሪያ የቆርቆሮ ጣሪያና ኮርኒስ ላለው ተራ መኖሪያ ቤት ነው። ስሌቱ ሁሉ የተሠራው 8 ሜትር በ6 ሜትር ለሆነ ቤት፣ ማለትም ለ48 ካሬ ሜትር ኮርኒስ ነው፤ የእርስዎን ስፋት በዚያው ልክ ያባዙት ወይም ያካፍሉት። «ብትን መከላከያ» የምንለው በሰሌዳ ወይም በጥቅል ተስተካክሎ የማይነጠፈውን፣ ተበትኖ የሚደለደለውን ነው፦ ሰጋቱራ፣ ፑሚስ (ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ)፣ ተቦጫጭቆ የሚበተን ግላስዉል።

አየሩ በየት በየት ይሄዳል?

መከላከያው የሚሠራው በውስጡ አስሮ በያዘው የቆመ አየር ነው። የቆመ አየር ሙቀት የሚያስተላልፈው እጅግ በዝግታ ነው (0.026 ዋት በሜትር ኬልቪን አካባቢ)። ሱፉም ሰጋቱራውም ዋና ሥራቸው አየሩን በጥቃቅን ክፍተት ከፋፍሎ ማሰር ነው። አየሩ ከታሰረበት ወጥቶ መሄድ ከጀመረ ሙቀቱን ተሸክሞ ይሄዳል፣ የመከላከያው ውፍረትም ትርጉም ያጣል። ይህ የሚሆነው በሦስት መንገድ ነው፤ ሦስቱም እኩል አያሳስቡም።

አንደኛው በመከላከያው ውስጥ በራሱ የሚፈጠር ዝውውር ነው። ከታች ያለው አየር ሞቆ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከላይ ያለው ቀዝቅዞ ይወርዳል። ይህ እንዲሆን ታቹ ከላዩ መሞቅ አለበት፤ ማለትም ሌሊት ብቻ። ቀን ቆርቆሮው ሲግል የሚሞቀው ላዩ ስለሆነ የሞቀው አየር እዚያው ላይ ተቀምጦ ይቀራል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በተደረገ ሙከራ፣ ስስ ተደርጎ የተበተነ ግላስዉል በከባድ ቅዝቃዜ ውስጥ ሙቀት የመቋቋም አቅሙ እስከ ግማሽ ሲወርድ ታይቷል። ያ ግን ውጭው ከዜሮ በታች ከ25 ዲግሪ በላይ ሲወርድ ነው። አዳማ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ቢበረታ ከ10 ዲግሪ ብዙም አይወርድም፤ በኮርኒሱ ታችና ላይ ያለው ልዩነትም ከአሥር ዲግሪ እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ ይህ የካናዳ ሰው ጭንቀት ነው፤ ይለፉት።

ሁለተኛው ነፋስ ነው፤ የእኛ ጉዳይም ይኸው ነው። ከከተማዋ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2012 ባለ 51 ሜጋ ዋት፣ በ2015 ደግሞ ባለ 153 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው ነፋሷ ታይቶ ነው። በክፈፉ በኩል የገባ ነፋስ ብትኑን ከጠርዝ እየገፋ ወደ መሃል ይከምረዋል፤ በጠርዙ በኩል ኮርኒሱ ራቁቱን ይቀራል። ሌሊት ደግሞ ባልተገፋው ውስጥ ሰርጎ እያለፈ ያቀዘቅዘዋል።

ሦስተኛው የኮርኒሱ ስንጥቅ ነው፤ ይህኛው ቀን ይብሳል። ነፋሱ በሚመጣበት ክፈፍ የገባው አየር በጋለው ቆርቆሮ ሥር አቋርጦ እስኪያልፍ ይሞቃል። ነፋሱ በማይነካው ወገን መስኮት ከተከፈተ ክፍሉ አየሩን ይስባል፤ ያ ትኩስ አየር በመከላከያውና በስንጥቁ አልፎ ቁልቁል ይገባል። «መስኮት ስከፍት ቤቱ ይብስ ይሞቃል» የሚል ሰው ቅዠት አላየም።

የተራቆተ ጠርዝ ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር እንየው። ደህና የተበተነ 20 ሳ.ሜ መከላከያ ሙቀት የመቋቋም አቅሙ 4 (ካሬ ሜትር ኬልቪን በዋት) ቢሆንና ኮርኒሱ ብቻውን 0.27 ቢሆን፣ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ኮርኒስ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ለአንድ ዲግሪ ልዩነት 0.23 ዋት ያሳልፋል። ከስፋቱ አሥር በመቶው ብቻ ቢራቆት ግን 0.58 ዋት ይሆናል። አንድ አሥረኛው ተገልጦ ጠቅላላው ሙቀት ሁለት ተኩል እጥፍ ገባ ማለት ነው። መሃሉን 30 ሳ.ሜ ማድረግ ይህን አያካክሰውም።

1. መጀመሪያ መፈተሽ

ወደ ላይ መውጫው ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ ቆርቆሮው እጅ ያቃጥላል፣ ሰውም እዚያ ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ እጅጌው ረጅም ልብስና ጓንት ያድርጉ። ችፑድ ሰው አይችልም፤ በሁለት ወራጅ ወይም ሞራሌ ላይ ጠንካራ ጣውላ አጋድመው በእሱ ላይ ብቻ ይንቀሳቀሱ።

መብራት ሳያበሩ ጥቂት ደቂቃ ይቀመጡ። ብርሃን የሚገባበት ሁሉ ነፋስም ይገባበታል። ከዚያ የእጅ መብራት አብርተው የኮርኒሱን ጀርባ አቧራ ይመልከቱ፤ አቧራው እንደ አሸዋ ሞገድ ከተሰለፈ ነፋሱ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ጽፎልዎታል ማለት ነው።

ከታች ያለውን ስንጥቅ ለማግኘት ከዕጣን የተሻለ መሣሪያ የለም። ነፋስ ባለበት ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ በማይነካው ወገን አንድ መስኮት ከፍተው፣ ማጨሻውን በመሰላል ላይ ሆነው በኮርኒሱ ዙሪያ ቀስ ብለው ያዙሩ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደህና ነው፤ ወደ ታች ከተገፋ ወይም ወደ ስንጥቁ ከተሳበ ቦታውን በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት። አምፖል በተንጠለጠለበት፣ ሽቦ በሚወጣበትና ወደ ኮርኒሱ ላይ በሚያስወጣው መውጫ ክዳን ዙሪያ ይቆዩበት። ፍም ይዞ ኮርኒስ ላይ መውጣት ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ እዚያ ላይ የፌስታል ቀጭን ቁራጭ በክር አንጠልጥሎ ሲወዛወዝ ማየት ይበቃል።

2. ኮርኒሱን መድፈን

ከጠቅላላው ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው፤ መውሰድም አለበት። የቤቱ ዙሪያ 28 ሜትር ነው። ኮርኒሱና ግድግዳው መሃል 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ብቻ ቢኖር 0.14 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ 35 በ40 ሳ.ሜ የሆነ መስኮት ሁልጊዜ ወደ ጣሪያው ተከፍቶ እንደማደር ነው።

ከ5 ሚ.ሜ በታች የሆነውን ስንጥቅ ቀለም በሚቀበል ሲሊኮን ወይም አክሪሊክ ይድፈኑ። ጀሶ ብቻውን በዚህ ቦታ አይመከርም፤ ቆርቆሮው ሲግልና ሲበርድ እንጨቱ ስለሚንቀሳቀስ ጀሶው በመጀመሪያው ዓመት ይሰነጠቃል። ከ5 ሚ.ሜ በላይ ለሆነው መጀመሪያ የስፖንጅ ቁራጭ ጨምቀው ያስገቡ፣ ከዚያ በላዩ ይድፈኑ። የመውጫው ክዳን የሚያርፍበት ጠርዝ ላይ ዙሪያውን የስፖንጅ ቴፕ ይለጥፉ፤ ክዳኑ በራሱ ክብደት እንዲጫነው ቀለል ያለ ከሆነ ጣውላ ይጨምሩበት።

ኮርኒሱ አቡጀዴ ወይም የተሸመነ ፕላስቲክ ከሆነ እዚህ ላይ ያቁሙ። ብትን አይሸከምም፣ አየርም አይከለክልም። መጀመሪያ ኮርኒሱን በችፑድ ወይም በጂፕሰም ይቀይሩ።

3. ክፈፉ ላይ የነፋስ መከላከያ መሥራት

ክፈፉን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ስህተት ነው። ከመከላከያው በላይ ያለው ቦታ ቀን የሞቀውን አየር ማስወጣት፣ ማታ ደግሞ ከቆርቆሮው ሥር የሚንጠባጠበውን ጤዛ ማድረቅ አለበት። ዓላማው ነፋሱ ከመከላከያው በላይ እንዲያልፍ እንጂ በውስጡ እንዳያልፍ ነው።

ለአየር መውጫና መግቢያ ምን ያህል ቀዳዳ ይበቃል? በአሜሪካ የግንባታ ደንብ የተለመደው ልክ፣ ከላይም ከታችም መተንፈሻ ላለው ጣሪያ፣ ከኮርኒሱ ስፋት አንድ ሦስት መቶኛ ነው። ለ48 ካሬ ሜትር 0.16 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ግማሹ (0.08) ከታች በክፈፉ፣ ግማሹ ከላይ በጣሪያው ጫፍ። አሁን የቆርቆሮውን ሞገድ ይለኩ። ጥልቀቱ 18 ሚ.ሜ ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ሜትር ክፈፍ በሞገዱ ሥር ያለው ክፍተት 0.009 ካሬ ሜትር ያህል ነው። በሁለቱ ክፈፎች 16 ሜትር ሲባዛ 0.14 ይደርሳል። የሞገዱ ቀዳዳ ብቻውን ከታች ከሚያስፈልገው በላይ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከሞገዱ በታች ያለውን ትልቁን ክፍተት ያለ ሐሳብ ይዝጉ፤ ሞገዱን ደግሞ ዓይኑ ከ6 ሚ.ሜ ባልበለጠ የሽቦ ወንፊት ይሸፍኑ፤ ወፍና አይጥ የሚገቡት በዚያ ነው።

የሚዘጋበት ዕቃ ላሜራ ቢሆን ይመረጣል። ችፑድም ይሠራል፣ ግን የክረምት ዝናብ በነፋስ ተገፍቶ ሲረጨው ያብጣል። ወራጆቹ በአንድ ሜትር ልዩነት ከሆኑ 30 ሳ.ሜ ቁመት ያላቸው 16 ቁራጮች ያስፈልጋሉ፤ 1 በ2 ሜትር የሆነ ላሜራ ስድስት ስለሚወጣው ሦስት ላሜራ ይበቃል። ጣሪያው በአራቱም ወገን የሚያዘቀዝቅ ከሆነ ክፈፉ 28 ሜትር ነው፤ ቁራጩም 28 ይሆናል።

ቁራጩን በሁለት ወራጅ መሃል፣ ግድግዳው አናት ላይ አቁመው ይምቱት። ከመከላከያው 10 ሳ.ሜ ከፍ ይበል፣ ከቆርቆሮው ሥር ደግሞ 4 ሳ.ሜ ክፍተት ይቅር። ጎንና ጎኑን እንዲሁም ታቹን በፎም ወይም በስፖንጅ ይድፈኑ፤ ሰው የሚረሳው ታቹን ነው። ብዙ ቤት ላይ ግን በግድግዳው አናት ከኮርኒስ እስከ ቆርቆሮ ያለው ከ20 ሳ.ሜ አይበልጥም፣ ለ10 ሳ.ሜ ትርፍ ቦታ አይኖርም። እዚያ ላሜራውን እስከሚቻለው ካቆሙ በኋላ፣ ከወራጁ ሆድ ጋር አጋድመው 60 ሳ.ሜ ያህል ወደ ውስጥ ይቀጥሉት። ነፋሱ እንደ አሸንዳ ውኃ በላዩ ይፈስና መከላከያው በቂ ውፍረት ያለበት ቦታ ሲደርስ ይለቀዋል።

4. ምን ይበተን?

ዋናው ነገር የቅንጣቱ መጠን ነው። አየር በብትን ነገር ውስጥ የሚያልፍበት ቅለት ከቅንጣቱ ስፋት ካሬ ጋር ይሄዳል፤ 10 ሚ.ሜ የሆነ ጠጠር 2 ሚ.ሜ ከሆነው ይልቅ 25 እጥፍ ያሳልፋል።

ፑሚስ በአዳማ ዙሪያ እንደ ልብ አለ፤ አይቃጠልም፣ ምስጥ አይበላውም። ችግሩ ክብደቱ ነው፦ 10 ሳ.ሜ ቢበተን በካሬ ሜትር 60 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ሶሌታ ላይ ከሆነ ግሩም ነው፤ ችፑድ ላይ ግን አይታሰብም። ለብሎኬት የሚሸጠው ሸካራው ሳይሆን ደቃቁ የተቀላቀለበት ይሁን፣ ከላይ 3 ሳ.ሜ ያህል ደቃቁን ብቻ ይጨምሩበት። የሚደፋው ደርቆ ነው፤ ፑሚስ ውኃ ጠጥቶ ይመጣል።

ሰጋቱራ ርካሽ ነው። ከመላጊያ የሚወጣው ጥቅልል ፍቅፋቂ ብቻውን ነፋስ ያሳልፋል፤ ሁለት እጅ ደቃቅ ሰጋቱራ ከአንድ እጅ ፍቅፋቂ ጋር ይቀላቅሉ። ልኩን ለማወቅ ባለ 20 ሊትር ባልዲ ሞልተው ይመዝኑ፦ ከ3 እስከ 4 ኪሎ መሆን አለበት። ከ3 ካነሰ ፍቅፋቂው በዝቷል፣ ከ4 በላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ እርጥበት ነው። እየተገላበጠ ሦስት አራት ቀን ፀሐይ ይምታው። ኖራ በአሥር እጅ አንድ እጅ ቢቀላቀል ነፍሳትን ያርቃል፤ እሳትን ግን አያቆምም። ለእሳት ቦራክስና ቦሪክ አሲድ ያስፈልጋል፤ እሱን ማግኘት ካልተቻለና የቤቱ የኤሌክትሪክ መስመር ያረጀ ከሆነ ሰጋቱራውን ይተዉት። የሰጋቱራ እሳት ሳይነድ ለሰዓታት እየጤሰ ውስጥ ውስጡን ይሄዳል። ችፑድ ላይ ከ10 ሳ.ሜ አይብለጥ፤ ይህም በካሬ ሜትር 20 ኪሎ ስለሆነ ኮርኒሱ የተንጠለጠለበት ሞራሌ በምስማር ብቻ ከሆነ በብሎን ያጠናክሩት። መጠኑ 4.8 ሜትር ኩብ፣ ሲረጋ ለሚቀንሰው 20 በመቶ ሲጨመር 5.76 ሜትር ኩብ ነው፤ 120 ሊትር በሚይዝ ጆንያ 48 ጆንያ።

ግላስዉል ለችፑድ ኮርኒስ የተሻለው ምርጫ ነው። 15 ሳ.ሜው በካሬ ሜትር 2 ኪሎ ቢሆን ነው፣ ሙቀት የመቋቋም አቅሙም ከ10 ሳ.ሜ ሰጋቱራ ከእጥፍ ይበልጣል። ነገር ግን ከደቃቅ ሰጋቱራ ይልቅ ነፋስ የሚያሳልፈው፣ በነፋስም ቶሎ የሚገፋው እሱ ነው። ስለዚህ ያለ ልብስ፣ ማለትም ከላዩ ሽፋን ሳይነጠፍበት አይተዉት።

የስታይሮፎም ፍርፋሪ የሚያቀርቡልዎም ይኖራሉ። በነፋስ እንደ በረዶ ይበናል፣ በእሳት ይቀልጣል፣ የሽቦን ፕላስቲክ ልባስ ሲነካም ዘይቱን እየመጠጠ ያደርቀዋል። ለአዳማ አይሆንም።

5. መበተን

ዱላ ይቁረጡ፣ 15 ሳ.ሜ ላይ (ለሰጋቱራ 12፣ እስኪረጋ) ቀይ ምልክት ያድርጉበት፣ በየሁለት ካሬ ሜትሩ ወራጅ ወይም ሞራሌ ላይ አንድ ይምቱ፤ በጠቅላላው 24። ያለ ምልክት በዓይን የተደለደለ መከላከያ መውጫው አጠገብ ወፍራም፣ ሩቁ ጥግ ላይ ስስ ይሆናል። ሥራው ከሩቁ ጥግ ተጀምሮ ወደ መውጫው እየተመለሱ ነው።

የኤሌክትሪክ ሽቦ ከመከላከያው ሥር አይቀበር፤ አንስተው ከሞራሌው ጎን ከፍ አድርገው ይሰሩት። ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ የተሠራ አምፖል ካለ በዙሪያው 8 ሳ.ሜ ነጻ እንዲሆን የላሜራ ክብ ያቁሙ። በመውጫው ዙሪያም 20 ሳ.ሜ ቁመት ያለው የጣውላ ሳጥን ይሥሩ።

ሰጋቱራውን በ5 ሳ.ሜ ንብርብር እየደፉ በመጥረጊያ ጀርባ ቀለል አድርገው ይምቱት። ግላስዉልን ግን አይጫኑት፤ እንደ ጥጥ ቦጫጭቀው በእጅ ያነፍሱት። ጠርዙ ላይ፣ ላሜራው ሥር ድረስ በእንጨት እየገፉ ይሙሉ፤ ያቺን 10 በመቶ አይርሱ።

6. ማልበስ

ከላይ የሚነጠፈው ነገር ነፋስ የሚከለክል፣ እንፋሎት ግን የሚያሳልፍ መሆን አለበት። የፕላስቲክ ሸራ ነፋስ ይከለክላል፣ ነገር ግን ማታ ከማዕድ ቤትና ከሰው ትንፋሽ የሚወጣው እንፋሎት ከሥሩ ይጤዛል፤ በሁለት ክረምት ሱፉ ረጥቦ ይተኛል። እንደ አቅም የሚገኘው የእህል ማዳበሪያ ነው፤ ውስጡ ፕላስቲክ ያልተለበጠው፣ የተሸመነው። እንዲህ ይፈትኑት፦ ከሚፈላ ድስት ላይ ማዳበሪያውን ወጥረው፣ በላዩ ደረቅ ብርጭቆ ደፍተው ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ። ብርጭቆው ጉም ከለበሰ ይተነፍሳል። ካልለበሰ ለሌላ ሥራ ያውሉት።

አንዱ ማዳበሪያ ጎኑና ታቹ ተቀዶ ሲዘረጋ 1.05 በ1.2 ሜትር ቢሆን፣ 15 ሳ.ሜ እየተደራረበ ለ48 ካሬ ሜትር 55 ያህል ይበቃል። ንጣፉን ከነፋሱ መውጫ ወገን ይጀምሩ፤ ሁለቱ በሚደራረቡበት ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ያለው ማዳበሪያ ሁልጊዜ ከላይ ይሁን፣ እንደ ቆርቆሮ አነባበር። ጠርዙን ከላሜራው ጋር በስቴፕል ይያዙት፣ መሃሉን ግን አይወጥሩት፤ ከተወጠረ ሱፉን ይጫናል። በሚነድ ዕቃ እንደሸፈኑ አይርሱ፦ በጭስ መውጫና በአምፖል ዙሪያ ግማሽ ሜትር ሳይለብስ ይቅር። ሰጋቱራና ደቃቅ የለበሰ ፑሚስ፣ ላሜራው በትክክል ከተሠራ ልብስ አያስፈልጋቸውም።

7. ማረጋገጥ

የዕጣኑን ፈተና በተመሳሳይ መስኮትና በተመሳሳይ ሰዓት ይድገሙት። ቀድሞ በእርሳስ ያመለከቱባቸው ቦታዎች ላይ ጭሱ ቀጥ ብሎ ካልቆመ መከላከያውን ገልጠው ስንጥቁን ይፈልጉ፤ በላዩ ሌላ መጨመር መፍትሔ አይሆንም።

ከዚያ ሁለት ርካሽ ዲጂታል ቴርሞሜትር ይግዙ፤ አንዱን ኮርኒሱ መሃል፣ ሌላውን ነፋሱ በሚመጣበት ጥግ፣ ሁለቱንም ከኮርኒሱ ሆድ ጋር ይለጥፉ። ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ጥጉ ከመሃሉ ከአንድ ዲግሪ በላይ ከሞቀ ጠርዙ ስስ ነው ወይም ተገፍቷል። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ጥጉ ብቻ ከቀዘቀዘ ደግሞ ነፋሱ በውስጡ እያለፈ ነው፤ የላሜራውን ታችኛ ጠርዝ ይመልከቱ።

በጥቅምትና በኅዳር ነፋሱ ከበረታ በኋላ አንድ ጊዜ ወጥተው ዱላዎቹን ያንብቡ። ነፋስ በሚመጣበት ወገን ከሦስት ሳ.ሜ በላይ የጎደለበት ዱላ ካለ፣ ከመሃል መልሰው ከመሙላትዎ በፊት ከዚያ ዱላ ፊት ለፊት ያለውን ላሜራ በእጅዎ ይዳስሱ። አብዛኛውን ጊዜ ምስማሩ ለቆ ይገኛል።